የጋሽ ለስላሳ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ነው እንዳይባል ጭሱ ገና ያልጠፋ፣ ቅርብ ነው እንዳይባል ልጆች አድገው የጨረሱበት ጊዜ፣ ጭጋግ በማይለቃት አንዲት የደጋ ከተማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር። ከከተማዋ ሰው ግማሹ ከፋብሪካው ይበላል፤ ግማሹ ደግሞ ከፋብሪካው ለሚበሉት ሽንኩርትና ዳቦ እየሸጠ ይኖራል። የፋብሪካው ልብ ቦይለሩ ነው። ቦይለር ላላየ ሰው፣ ቤት የሚያክል የብረት ምድጃ ማለት ነው። ሆዱ ውስጥ እንደ ሸምበቆ የተደረደሩ የብረት ቱቦዎች አሉት። በቱቦዎቹ ውስጥ ውሃ ያልፋል፣ ከውጭ እሳት ይልሳቸዋል፤ ውሃው እንፋሎት ይሆንና ሱፉን ያጥባል፣ ቀለሙን ያፈላል፣ ብርድ ልብሱን ያደርቃል። ቦይለሩ ከቆመ ሁሉም ቆመ።

ይህን ቦይለር የሚያነድደው ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ዳዊቱን ቆሞ የሚደግም፣ ሰው ሲሰድበው መሬት የሚያይ ሰው። ሚስቱ ታንጉት ትባላለች። እግዜር ሦስት ልጆች ሰጥቷቸዋል፤ ሦስቱም አድገው ለየራሳቸው ሆነዋል። የበኩሩ ማንደፍሮ እዚያው ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነው። እጁ ብርቱ ነው፤ የያዘውን አይለቅም። ሁለተኛዋ ደብሪቱ የብረት ትምህርት ተምራ ዋናው ከተማ ብረት በሚመረመርበት ቤት ትሠራለች። ዓይኗ ስለታም ነው፤ ሰው ያላየውን ታያለች፣ ያየችውን ደግሞ አትደብቅም። ሦስተኛው ልመንህ የደብሩ ደዋይ ነው። ጆሮው ሌላ ነው፤ የደብሩ ደወል የተሰነጠቀች ጊዜ ስንጥቋን ማንም ሳያይ በድምፅዋ ያወቀ እሱ ነው።

ይርዳውን የፋብሪካው ሰው «ጋሽ ለስላሳ» ይለው ነበር። ታንጉት ይህን ስም ትወደዋለች። ጠባዩ ለስላሳ ስለሆነ ያወጡለት መስሏት ነው። ገበያ ላይ አንዱ የፋብሪካ ሰው «የጋሽ ለስላሳ ባለቤት አይደሉም እንዴ?» ሲላት ነጠላዋን አስተካክላ «ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ሰዎቹም ይሳሳቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከቦይለር ቤቱ አንድ ድምፅ ወጣ። የከተማዋ ውሾች ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ። አንድ ቱቦ ፈንድቶ እንፋሎቱ ይርዳውን ፊቱንና ሁለት እጁን ገሸለጠው። ነፍሱ ተረፈች። ሆስፒታል ነርሷ ለታንጉት የተቃጠለ ልብሱን በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት። ኪሱ ውስጥ የቦይለር ቤቱ ቁልፍ ነበር። ታንጉት ቁልፉን በነጠላዋ ጠርዝ ጠርጋ ጠርጋ ከአንገቷ ማተብ ጋር አሰረችው፤ ከመስቀሏ ጎን።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምስ የሚባል፣ ከጨርቅ ንግድ ወደዚህ ወንበር የመጣ ጎልማሳ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ችኩል ነው። ሠራተኛውን ግቢው ውስጥ ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

«ሰውየው ተኛ። ተኝቶ ውሃው ጎደለ። ቱቦው ደረቀና ፈነዳ። አለቀ። ሌላ ወሬ እንዳልሰማ።»

ወሬው ከግቢው ወጥቶ ቦኖ ውሃ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ታንጉት ጀሪካኗን ይዛ ስትቆም ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ከኋላ ያለችው ግን ለጎረቤቷ ጮክ ብላ «እሳት እያነደደ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል ሰው?» አለች። ታንጉት ጀሪካኗን ሞላች፤ ክዳኑን ቀስ አድርጋ ጠመዘዘች፤ ዞር አለችና «እኔም እሱን ነው የምለው፣ እህቴ። እንዴት ይወስደዋል?» ብላ ሄደች።

በማግስቱ አቶ ደምስ ብርቱካን በወረቀት ከረጢት ይዞ ቤቷ መጣ።

«እናቴ» አለ፤ «ድካም የማንም ነው። ፋብሪካው ይቅር ብሎታል። ምንም አንጠይቀውም። የቦይለር ቤቱን ቁልፍ ብቻ ይስጡኝና ነገሩ በዚሁ ይለቅ።»

«ይቅር በሉኝ ብሎ ላከባችሁ?»

«አላለም፣ ግን…»

«ያልበደለን ይቅር ማለት የምን ደግነት ነው፣ ልጄ? ብርቱካንህን ያዝ። ቁልፉን ይርዳው ሲነሣ ከእጁ ትቀበለዋለህ።»

«ቢሮ ሌላ ቁልፍ አለን እኮ!»

«ታዲያ እኔ ቤት ምን አመጣህ?» አለችው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ስሙ ደግሞ ውጭ ተጥሏል። ልጆቹ ማንደፍሮ ይርዳው፣ ደብሪቱ ይርዳው፣ ልመንህ ይርዳው ተብለው ነው የሚጠሩት፤ የሱ ስም ሲጣል የነሱም አብሮ ነው የሚጣለው። እናታቸው ሦስቱንም አላዘዘቻቸውም። እያንዳንዳቸው በገዛ ፈቃዳቸው ተነሡ።

ማንደፍሮ ቀድሞ ተነሣ።

ቦይለሩ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ አለቆቹ የፈነዳውን ቱቦ በጋዝ እሳት ቆርጦ እንዲያወጣና ከቁርጥራጭ ብረት ጋር መኪና ላይ እንዲጭነው አዘዙት። መኪናው በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ማንደፍሮ መጀመሪያ እህቱ ዘንድ ደወለ። ደብሪቱ በስልክ «እሳት እንዳይነካው!» አለችው፤ «በመጋዝ ቁረጠው፤ ከተቀደደበት ራቅ አድርገህ። የተቀደደውን ከንፈር በጣትህም እንዳትነካ።» ማንደፍሮ መጋዙን ይዞ ቦይለሩ ሆድ ውስጥ ገባ። ጥቀርሻው ዓይኑን ዘጋው፤ ግድግዳው ገና ይፋጃል። የፈረቃው አለቃ በቀዳዳው አጎንብሶ «ጋዙ እያለ በመጋዝ? ልትቆርጠው ነው ልታባብለው?» እያለ ይስቅበታል። ማንደፍሮ መጋዙን ገፋ፣ ሳበ። ቆረጠ። ጋቢውን አልብሶ በትከሻው ተሸከመና ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ በሚወጣበት ሰዓት፣ በትልቁ በር፣ በሰው መሐል መጣ።

ዘበኛው ባሻ ዱላውን አገደመ። «ቁም! የፋብሪካ ንብረት ነው!»

«አባቴም የፋብሪካ ንብረት ነበር፣ ባሻ» አለ ማንደፍሮ። «ያን ቀን እሱን በዚሁ ትከሻ ተሸክሜ ስወጣ ለምን አላስቆምከኝም?»

ባሻ ዱላውን አነሣ። ማንደፍሮ አለፈ። ከምሳ በኋላ ስሙ ከሥራ መዝገብ ተሰረዘ። ቤት ደርሶ ቱቦውን እናቱ ፊት መሬት ላይ ሲያጋድመው ታንጉት አየችው፤ ጎኑ እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቷል። አላለቀሰችም። የቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተች፤ የሚያልፍ ሁሉ እንዲያየው።

ቀጥላ ደብሪቱ ተነሣች።

የምትሠራበት ቤት ለፋብሪካው ብረት የሚመረምር ቤት ነው። አለቃዋ «የአባትሽ ጉዳይ ነው፤ እጅሽን አታስገቢ። ከሄድሽ ወንበርሽን እንዳትጠብቂ» አላት። እሷም ቦርሳዋን አንሥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከተማው ስትደርስ ቤት አልመጣችም። መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዳ አባቷ አጠገብ ብዙ ተቀመጠች። ምን እንዳወሩ ያኔ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ቤት መጥታ ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ አገላብጣ አየችውና ለሁለት እንዲሰነጠቅ ፈለገች።

ማንደፍሮ ጮኸ። «ያለን እሱ ብቻ ነው! ካበላሸሽው ምን ይዘን እንሟገታለን?»

«ካልከፈትኩት ብረት ነው» አለች። «ስከፍተው ነው ምስክር የሚሆነው። ያዝልኝ።»

ያዘላት፤ ርዝመቱን ሰነጠቀችው። ውስጡ ነጭ ነበር። ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት በላይ በላዩ ተነባብሮ የውሃውን መንገድ አጥብቦታል። ታንጉት ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ነካ አደረገችው። «ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ የሚጋገረው አይደለም እንዴ ይሄ?»

«እሱው ነው፣ እማዬ። የከተማችን ውሃ ጠጣር ነው። ሲፈላ ድንጋዩን ይተዋል። ድንጋዩ ሲወፍር ውሃው ብረቱን አያገኘውም፤ እሳቱ ግን ያገኘዋል። ያኔ ብረቱ ትኩሳት እንደያዘው ሰው እያደር ይዳከማል።»

ቀጥታ የሠራተኛው ስብሰባ ወዳለበት የምግብ አዳራሽ ሄደች፤ እናቷም ከኋላዋ። ደብሪቱ ሁለቱን ግማሽ ቱቦ አቶ ደምስ ፊት አስቀመጠች።

«ውሃ ጎድሎ በአንድ ጊዜ ቢፈነዳ ኖሮ ይህ ከንፈር ተስቦ እንደ ምላጭ ይሳሳ ነበር» አለች። «ዳሱት። ወፍራም ነው። ይህ ቱቦ የታመመው በአንድ ጠዋት እንቅልፍ አይደለም፤ ወራት ሲታመም ኖሯል። ከቦይለሩ ጎን አንድ ታንከር አለ። ጠጣሩ ውሃ በሱ ሲያልፍ ድንጋዩን ያስቀራል፤ ውሃው ይለሰልሳል። ታንከሩን መልሶ የሚያጥበው ጨው ነው። ጨው ከሌለ ታንከሩ ዝም ብሎ በርሜል ነው። ጨዉ የት ሄደ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ማፈን አቅቶት «ለስላሳው!» አለ። ከዚያ ሌላውም፣ ሌላውም። «ኧረ ለስላሳው ነው!»

ታንጉት ወደ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዞረች። «ምንድን ነው የምትሉት?»

ሽማግሌው ሸማኔ አንገቱን ደፋ። «እማማ ታንጉት፣ አይቀየሙን። ከወራት በፊት ጋሽ ይርዳው በስብሰባ መሐል ተነሥተው ‹የቦይለሩ ማለስለሻ አልቋል፣ የለስላሳ ጨው ይገዛልን› አሉ። አቶ ደምስም ‹ለስላሳ የጠማው ከካፌ ገዝቶ ይጠጣ፤ ጨዉንም ወጡ ላይ ያድርግ› አሉ። ቤቱ ሁሉ ፈነዳ በሳቅ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ጋሽ ለስላሳ የተባሉት።»

ታንጉት ገበያ ላይ የሳቀችውን ሳቅ ሁሉ አስታወሰች። እጇ ሳታዝዘው አንገቷ ላይ ሄዶ ቁልፉን ጨበጠ።

አቶ ደምስ ፊቱ ቀላ። «እሺ! ተሳስቼ ይሆናል፤ እኔ የመጠጡ ለስላሳ መስሎኝ ነው የተናገርኩት። ግን አንቺ ልጅ፣ እውነት ተናጋሪ ከሆንሽ ይሄንንም መልሺ። አባትሽ አያውቅም ነበር? ጨው በሌለበት ቦይለር ወራት ሙሉ ሲያነድድ ምን እንደሚመጣ አያውቅም?»

ሁሉም ደብሪቱን አየ። እናቷም አየቻት። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ «አያውቅም» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«ያውቅ ነበር» አለች ደብሪቱ። «ራሱ ነግሮኛል። ከተሳቀበት በኋላ ሁለተኛ ለመጠየቅ አፈረ። ዝም ብሎ አነደደ። አባቴ ተኝቶ አያውቅም። ዝም ብሏል ግን። እናንተ ስቃችኋል፣ እሱ ዝም ብሏል፤ ቱቦው ሁለቱንም ከቁም ነገር አልቆጠረም።»

ታንጉት ስለ ባሏ እንደዚያ ያለ ቃል በአደባባይ ሲነገር ሰምታ አታውቅም። ከአዳራሹ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በልጇ ተናደደችባት፤ ኮራችባትም። የቱ እንደሚበልጥ ለራሷም አልገባትም።

ቀጥሎ ልመንህ ተነሣ።

አቶ ደምስ ከስብሰባው ሳይወጣ «አንድ ቱቦ ታመመ፤ ቀየርነው። ጨዉም ይመጣል። ሥራ ግን አይቆምም፤ ነገ ጠዋት ይለኮሳል» ብሎ ነበር። ልመንህ ከበሩ አጠገብ «ሌሎቹስ ቱቦዎች?» አለ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ልመንህ ይርዳው።»

«ደዋዩ!» አለ አንዱ። «ጸሎት ልታደርስላቸው ነው?»

አቶ ደምስ «ሌሎቹ ደህና ይመስላሉ። ውስጣቸው እንደሆነ አይታይ» አለ።

«አይታይም» አለ ልመንህ፤ «ይሰማል።»

በማግስቱ ከቅዳሴ ሲወጣ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ትንሽ መዶሻ ይዞ እናቱ ዘንድ ሄደ። እጁን ዘረጋ። ታንጉት ማተቧን ፈትታ ቁልፉን ሰጠችው። በዚያ ቁልፍ የቦይለር ቤቱን ከፍቶ ገባና ቱቦዎቹን ተራ በተራ፣ ደወል እንደሚሞክር ሰው፣ ቀስ እያደረገ መታቸው። ጆሮውን ያስጠጋል፣ ይመታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ጤነኛው ይዘምራል። የታፈነው ዱም ብሎ ይቀራል። ዱም ባለው ላይ በከሰል ምልክት ያደርጋል። አቶ ደምስና ሠራተኛው ሲደርሱ ልመንህ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ቆሟል፤ ከሰሉ ነጠላው ላይ ሁሉ ነው።

«ምልክት ያለበትን ቁረጡ» አለ።

አቶ ደምስ ተናደደ፤ ነገር ግን ሰው እያየ ነበርና አንዱን አስቆረጠ። ተቆርጦ ወጣ። ውስጡ ንጹሕ ነው። ብረቱ ያብረቀርቃል።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «አባ ደዋይ፣ ይሂዱ ደወልዎን ይደውሉ!» «ቱቦውን ሳይሆን ራሱን ነው የመታው!» አቶ ደምስ በይርዳው ቦታ ለተተካው ለአዲሱ አንዳጅ ችቦውን አቀበለው። «በቃ! ለኩስ!»

ልመንህ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። መዶሻውን መሬት አስቀመጠና የምድጃው አፍ ላይ፣ አባቱ የወደቀበት ቦታ ላይ፣ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ።

«በአንዱ ተሳስቻለሁ» አለ። «በሁሉም አልተሳሳትኩም። ሌላውን ቁረጡ። ካላመናችሁኝ ለኩሱት፤ እኔ ከዚህ አልነሣም።»

ታንጉት በሩ ላይ ነበረች። «ተነሣ ልጄ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ባሏን ያቃጠለው አፍ ፊት ልጇ ተቀምጧል። ደግሞም አንዱ ቱቦ ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል፤ ጆሮውም የሰው ጆሮ ነው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የምትለው ግን ለእመቤታችን ነበር፣ ለልጇ አይደለም። ተነሣ አላለችም። አዲሱ አንዳጅ ችቦውን እንደያዘ ልመንህን አየ፣ ታንጉትን አየ፣ አቶ ደምስን አየ። ከዚያ ችቦውን የውሃ ባልዲ ውስጥ ነከረው። «ጌታዬ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለ።

ሌላው ቱቦ ተቆረጠ። አቶ ደምስ ራሱ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አቀናውና ባንድ ዓይኑ ተመለከተበት። ምንም ብርሃን አላየም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ትንሽ ጣት እንኳ አያስገባም። 

አቶ ደምስ እዚያው ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይርዳው አልተኛም» አለ። ይህን ብሎ ብቻ አልሄደም፤ ሆስፒታል ሄዶ አልጋው ሥርም ደገመው።

ፋብሪካው ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት መመለስ ካቃተው፣ ቦታው ከልጆቹ ለአንዱ ይሰጣል። ለሁለት አይሰጥም። የይርዳው እጆች ደግሞ ከእንግዲህ አካፋ አይጨብጡም። ስለዚህ አቶ ደምስ ሌላ ጊዜ ባዶ እጁን ወደ ታንጉት ቤት መጣና «የትኛው ልጅዎ ይግባ?» አላት።

«መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንነጋገር» አለች።

«እሳት ማንደድ ነዋ።»

«አይደለም። እሳት አለማንደድ ነው። ቁልፉን የያዘ ልጄ ‹ዛሬ አይነድም› ያለ ቀን አይነድም። አንተም ብትመጣ፣ ካንተ በላይ ያለውም ቢመጣ አይነድም። ይርዳው ይህን ማለት ስላልተፈቀደለት ነው አልጋ ላይ ያለው።»

«እናቴ፣ እንደዚያ ከሆነ የኔ ሥራ ምንድን ነው?»

«አንተ ብርድ ልብስ ሽጥ» አለችው።

አቶ ደምስ መሬቱን አየ፣ ጣራውን አየ። «እሺ» አለ። እሺ ያለውንም ሠራተኛው ፊት አስደገመችው።

ይርዳው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት በገባ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰበሰበ። ሰላም የሆነ መስሏችሁ ይሆናል። አልሆነም።

ማንደፍሮ ጀመረ። «ቁልፉ የኔ ነው። ቱቦውን ባላወጣው ኖሮ ዛሬ ቀልጦ የሰው በር ሆኖ ነበር። ደብሪቱ ምኑን ታነብ ነበር? ልመንህስ ማን ብሎት ይገባ ነበር? ‹አይነድም› ለማለት መጀመሪያ አለመፍራት ነው።»

«አለመፍራት?» አለች ደብሪቱ። «እኔ በስልክ ባልነግርህ በጋዝ ቆርጠህ ማስረጃውን አመድ አድርገኸው ነበር! ደፋር ሰው ‹አይነድም› ይላል፤ ለምን ቢሉት ግን ምን ይመልሳል? ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ዛሬ ያስቆማል፣ ነገ ደግሞ በድፍረቱ ያነድዳል።»

«አንቺ ደግሞ አባባን በሰው ፊት አዋርደሻል» አለ ልመንህ ቀስ ብሎ። «ስሙን ልታነሺ ገብተሽ ግማሹን ጥለሽው ወጣሽ። ደግሞ አነበብሽላቸው፤ ምን አደረጉ? ነገ ይለኮሳል አሉ። እሳቱን ያስቆመው ንባብሽ አልነበረም።»

ማንደፍሮ ሳቀበት። «አንተ ነህ ያስቆምከው? የመጀመሪያውን ተሳሳትክ እኮ! ሁለተኛውም ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ስማችን ዳግመኛ አይነሣም ነበር። እማዬ ያን ቀን ምን እንደሆነች ታውቃለህ? በጆሮህ ተማምነህ በእናትህ ነፍስ ተወራረድክ?»

«አውቃለሁ» አለ ልመንህ። «ለዚህ ነው የተቀመጥኩት። የተሳሳተ ሰው እዚያ ካልተቀመጠ ማን ይቀመጥ?»

ጎረቤቱም ገባበት። ባሻ ዘበኛው «ያለ ማንደፍሮ ነገሩ ከበሩ አይወጣም ነበር» ይላል። ሽማግሌው ሸማኔ «እውነቱን ሙሉ በሙሉ የተናገረች ደብሪቱ ብቻ ናት፤ የሚጎዳትንም ጭምር። እሳት ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው እንደሷ ያለ ነው» ይላል። አዲሱ አንዳጅ ደግሞ «እኔ ዛሬ ልጆቼ ዘንድ የገባሁት በልመንህ ነው፤ ሌላውን አላውቅም» ብሎ ድርቅ ይላል። ሦስቱም ከሰፈሩ ሰው ግማሽ ግማሹን ይዘዋል ብል፣ ሦስት ግማሽ የት አለ ትሉኛላችሁ፤ ግን ሰፈሩን ብታዩት ታምኑኝ ነበር።

በመጨረሻ ይርዳው በፋሻው ውስጥ ሆኖ ተናገረ። ድምፁ ያው የድሮው ቀሰስ ያለ ድምፅ ነው፤ ነገር ግን መሬት አላየም።

«ልጄ ደብሪቱ የተናገረችው እውነት ነው» አለ። «አንድ ጊዜ ቢስቁብኝ ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ። ስሜን ሦስታችሁም ይዛችሁታል፤ ወደፊትም ትይዙታላችሁ፤ እሱን መካፈል አያስፈልግም። ቁልፉ ግን አንድ ነው። ታንጉት፣ አንቺ ስጪው። በኔ ቦታ የሚቆመው ሰው፣ ቢስቁበትም ሁለተኛ የሚጠይቅ ይሁን።»

ታንጉት ልመንህ የመለሰላትን ቁልፍ ከማተቧ ፈታችው። ሦስቱንም በየተራ አየች። አንዱ ተሸክሞ አወጣ፤ ሥራውን አጣ። አንዷ ከፍታ አየች፤ ወንበሯን አጣች፣ ያየችውን ሁሉ ተናገረች፣ አባቷንም አልማረች። አንዱ ሰምቶ ተቀመጠ፤ ተሳስቶም አልተነሣም። ቢስቁባቸውም ቢያስፈራሯቸውም ሦስቱም ወደ ኋላ አልተመለሱም። እጇ እንደተዘረጋ ቆመች፤ ቁልፉ መዳፏ ላይ ነው።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ሰዎች፣ ነገ ጠዋት በዚያ ቦይለር አጠገብ የሚቆመው የእናንተ ልጅ ነው ብላችሁ አስቡና ፍረዱ። አውጥቶ ያመጣው ነው፣ ገልጣ ያየችው ናት፣ ወይስ ሰምቶ የተቀመጠው? ይህ ቁልፍ ለማን ይገባዋል?